ማን መሰከረላት? በሮም የቅዱሳት ሴቶችን ዱካ የሚከተል የሁለት ቀን ጉብኝት

ሮምን የሚያስጎበኙ አገልግሎቶች አብዛኛዎቹ ከኮሎሲየም ተነሥተው በሲስቲና ቤተ ጸሎት የሚያበቁ ናቸው፤ ቅዱሳት ሴቶች በእነዚህ ጉብኝቶች የሚነሡት ስመ ጥር ቀራፂ ሐውልታቸውን ሠርቶላቸው ከሆነ ብቻ ነው። እዚህ የምገመግመው ጉብኝት ግን አንድ ጥያቄ ይዞ ይነሣል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሴቶችን ቅዱሳት ብላ የተቀበለችው እንዴትና ለምን ነው? ጉብኝቱ ሁለት ሙሉ ቀን ይወስዳል፣ በእግርና በከተማ አውቶቡስ ይካሄዳል፣ ቡድኑም ትንሽ ነው፤ እኛ ዐሥራ አንድ ነበርን። አስጎብኚያችን የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ ያጠኑ ሴት ነበሩ። ከሁሉ በላይ ያደነቅሁት፣ ስለ እያንዳንዷ ቅድስት ሲተርኩ ቅድስናዋን ብቻ ሳይሆን ቅድስናዋን የመሰከሩላትን፣ የጻፉላትንና ጉዳይዋን እስከ ፍጻሜው የተከታተሉላትን ሰዎች ጭምር ማንሣታቸው ነው። ጉድለቶችም አሉት፤ በየቦታቸው እናገራቸዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት የተጀመረው ብዙ ጎብኚ በማይደርስበት በኖሜንታና መንገድ፣ ከጥንታዊቷ ከተማ ቅጥር ውጭ በሚገኘው የቅድስት አግነስ ባዚሊካ ነው፤ ይህ ምርጫ ራሱ የአዘጋጆቹን ማስተዋል ያሳያል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወርደው ሰፊ ደረጃ ግድግዳው ላይ ከመቃብሮች የተገኙ ጥንታዊ ጽሑፎች የተለጠፉበት ሲሆን፣ ከእነርሱም መካከል ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (የሮም ፖፕ) ዳማሱስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ለአግነስ መታሰቢያ ያስቀረጹት የእብነ በረድ ጽሑፍ ይገኛል። አስጎብኚያችን ከዚያ ጽሑፍ ፊት ቆመው የነገሩን ነገር ለቀሩት ሰዓታት ሁሉ መሠረት ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ክፍለ ዘመናት ቅድስት ለመባል ማመልከቻም፣ መርማሪም፣ የጽሑፍ ውሳኔም አልነበረም። አንዲት ሴት ስለ እምነቷ ስትገደል ክርስቲያኖች መቃብሯን ይጠብቁታል፣ ባረፈችበት ዕለት በየዓመቱ ተሰብስበው ይጸልዩበታል፣ የአገሩ ኤጲስ ቆጶስም ይህን መታሰቢያ ይቀበለዋል፤ ቅድስናዋ የሚታወቀው በዚህ ነበር። ሞቷ ራሱ በቂ ምስክር ስለ ነበረ ሴት መሆኗ ጥያቄ አላስነሣም።

ከደረጃው በታች፣ በመቅደሱ ላይ በ7ኛው ክፍለ ዘመን በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆኖርዮስ ቀዳማዊ ዘመን የተሠራው የሞዛይክ ሥዕል በወርቃማ መደብ ላይ አግነስን እንደ ንግሥት ለብሳ፣ ከእግሯ ሥር ሰይፍና እሳት ተደርጎ፣ ከግራና ከቀኟ ሁለት ጳጳሳት ቆመው ያሳያል። እርሷ ገና ልጅ ሳለች የተገደለች ናት፤ ጳጳሳቱ ግን ከዳር ናቸው፣ መካከሉን የያዘችው እርሷ ናት። ይህን ሥዕል ለማየት ብቻ እንኳ ወደ ኖሜንታና መንገድ መሄድ ይገባል እላለሁ።

እዚያው ተቀምጠን ሳለ የላቲን ቅዳሴ ጥንታዊ ጸሎት፣ የሮም ቀኖና የሚባለው፣ በአንድ ወረቀት ላይ ታድሎን በውስጡ ከድንግል ማርያም ሌላ ያሉትን ሰባት ሴቶች ስም በየተራ ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብን፤ ፌሊቺታስ፣ ፔርፔቱዋ፣ አጋታ፣ ሉቺያ፣ አግነስ፣ ቼቺሊያ፣ አናስታሲያ። ከእነዚህ መካከል አስጎብኚያችን ረዘም ላለ ጊዜ የቆዩባት ፔርፔቱዋ ነበረች፤ ምክንያቱም በ203 በሰሜን አፍሪካዋ ከተማ በካርታጎ ለአራዊት የተሰጠችው ይህች የሃያ ሁለት ዓመት እናት በእስር ቤት ሳለች ያየችውንና የደረሰባትን በራሷ ቃል ጽፋ ትታለች። አባቷ ሽበቱን እንድታስብለት እየለመነ እምነቷን እንድትክድ ሲማጸናት፣ የሚጠባው ሕፃኗ ከእቅፏ ሲለይ፣ ሁሉንም በእርጋታ ትተርካለች። ከእርሷ ጋር የሞተችው ፌሊቺታስ ባሪያ ነበረች፤ የወለደችውም በእስር ቤት ነው። እመቤትና ባሪያ በአንድ ቀን ሞተው በአንድ ጸሎት ውስጥ ስማቸው እስከ ዛሬ መጠራቱ፣ ስለ ሴቶች ቅድስና በሚነገር በማንኛውም ታሪክ መጀመሪያ ላይ ሊቀመጥ የሚገባው ነገር ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ በትራስቴቬሬ የቅድስት ቼቺሊያን ቤተ ክርስቲያን አየን። በ1599 መቃብሯ ሲከፈት ተገኘ የተባለውን አካል ስቴፋኖ ማዴርኖ በነጭ እብነ በረድ የቀረጸው ከመንበረ ታቦቱ በታች ነው፤ በጎኗ ተኝታ፣ ፊቷን ወደ መሬት አዙራ፣ አንገቷ ላይ የሰይፍ ምልክት ይታያል። የሕይወት ታሪኳ የተጻፈው በ5ኛው ክፍለ ዘመን፣ ማለትም ሞተች ከሚባልበት ዘመን ብዙ ቆይቶ መሆኑንና የታሪክ ሊቃውንት አብዛኛውን እንደ አፈ ታሪክ እንደሚቆጥሩት አስጎብኚያችን በግልጽ ነገሩን። ይህን ሲናገሩ በምእመናኑ ላይ አልቀለዱም፣ እውነቱንም አልሸሸጉም፤ እንዲህ ያለ ሚዛን በአስጎብኚዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ አይገኝም። በቅድስት አግነስ በዓል፣ በጃንዋሪ 21፣ ከሚባረኩት ጠቦቶች የሚሸለተው ሱፍ በልማድ በዚህ ገዳም መነኮሳይያት እየተፈተለ ሊቃነ ጳጳሳት በትከሻቸው ላይ የሚደርቡት ፓልዩም እንደሚሠራበት ያስረዱንም እዚህ ነው።

የጉብኝቱ ልብ ግን በፓንቴዮን አጠገብ ያለው ሳንታ ማሪያ ሶፕራ ሚኔርቫ ነው። በዋናው መንበር ሥር የካታሪና ዘሲየና መቃብር አለ፤ ራሷ በትውልድ ከተማዋ በሲየና፣ አብዛኛው ቀሪ አካሏ በሮም ነው። አስጎብኚያችን ከመቃብሩ አጠገብ አስቀምጠውን ዘመኑ እንዴት እንደ ተለወጠ ተረኩልን። በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የታወጀ የመጀመሪያው የታወቀ ቅድስና በ993 የአውግስቡርጉ ኤጲስ ቆጶስ ኡልሪክ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሥልጣኑ ቀስ በቀስ ከየአገሩ ኤጲስ ቆጶስ ወደ ሮም ተሰበሰበ፣ በ1234 ጎርጎርዮስ 9ኛ ባወጡት የሕግ ስብስብም ቅድስናን ማወጅ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ብቻ መሆኑ ተደነገገ። ያን ጊዜ መቃብርና የሕዝብ ፍቅር ብቻቸውን የሚበቁ መሆናቸው ቀረ፤ መርማሪ ይላካል፣ ምስክር ይማላል፣ ቃሉ ይጻፋል፣ መዝገቡ ወደ ሮም ይሄዳል። ይህ ሁሉ ገንዘብ፣ ጊዜና በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ግቢ የሚሰማ ሰው ይጠይቃል። ንጉሣዊ ቤተሰብ ወይም ጠንካራ የመነኮሳት ማኅበር ከጀርባዋ የሌላት ሴት የቱንም ያህል ብትጸድቅ ጉዳይዋን የሚያንቀሳቅስላት አልነበረም።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን የምስክሮቹ ነገር ነው። የሃንጋሪ ንጉሥ ልጅ ኤልሣቤጥ በ1231 በሃያ አራት ዓመቷ ስታርፍ፣ ከአራት ዓመት በኋላ በ1235 ቅድስት ተብላ ታወጀች። ከመዝገቡ ዋና ክፍሎች አንዱ አብረዋት የኖሩት የአራት ደንገጥሮቿ ቃል ነው፤ ባሏ ከሞተ በኋላ እንዴት እንደ ተንከራተተች፣ በማርቡርግ ባቋቋመችው ሆስፒታል ድውያንን በእጇ እንዴት እንዳጠበች የነገሩት እነርሱ ናቸው። ክላራ ዘአሲዚም እንዲሁ ናት። ሴት ለሴቶች ከጻፈቻቸው የገዳም ሥርዐቶች ቀዳሚው የሚባለውን ደንቧን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ያጸደቁት በኦገስት 1253፣ ልታርፍ ሁለት ቀን ሲቀራት ነበር፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር መርማሪዎች ወደ ገዳሟ ወደ ሳን ዳሚያኖ መጥተው እኅቶቿን መነኮሳይያት በመሐላ ጠየቁ፣ በ1255ም ቅድስናዋ ታወጀ። ሴት በፍርድ ሸንጎ ብዙ ድምፅ ባልነበራት ዘመን የደንገጥሮችና የመነኮሳይያት ቃል በጳጳስ ፊት ማስረጃ ሆኖ መቆሙን ከዚህ በፊት አላስተዋልሁትም ነበር፤ ይህን የሚያስተምር ጉብኝት ዋጋው በዚህ ብቻ ተመልሷል ለማለት አላመነታም።

የካታሪና ታሪክ ደግሞ ሌላውን መንገድ ያሳያል። የማቅለሚያ ነጋዴ ልጅ፣ በገዳም ያልተዘጋች፣ በቤቷ የምትኖር የዶሚኒካውያን ማኅበር ምእመን ነበረች፤ 380 ገደማ ደብዳቤዎቿ ዛሬ ድረስ ይነበባሉ፣ አብዛኞቹንም በቃሏ አስጽፋለች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 11ኛ ያን ጊዜ መንበራቸው ከነበረበት ከአቪኞን ወደ ሮም እንዲመለሱ የጻፈችላቸው በልጅነት ፍቅርና በነቢይ ድፍረት ነው። በ1380 በሠላሳ ሦስት ዓመቷ ካረፈች በኋላ የንስሐ አባቷ ራይሞንዶ ዘካፑዋ በዚያው ዓመት የዶሚኒካውያን ጠቅላይ አለቃ ሆኑ፤ ከ1385 ጀምሮም ዐሥር ዓመት ፈጅተው ገድሏን ጻፉ፤ ከ1411 እስከ 1416 በቬኒስ ምስክሮች ተሰሙ፤ ማኅበሩም ጉዳዩን አልጣለውም። በመጨረሻ በ1461 ቅድስናዋን ያወጁት ፒዮስ 2ኛ እርሳቸውም የሲየና ወገን ነበሩ። ካታሪና ያለ ራይሞንዶ ቅድስት አትሆንም ነበር ማለቴ አይደለም፤ በእግዚአብሔር ፊት የሆነችውን ሆናለች። እኛ ዛሬ ስሟን እንድንጠራው ግን ብዕር፣ ማኅበርና ሰማንያ አንድ ዓመት አስፈልጓል። ይህ የሌላት ሂልዴጋርድ ዘቢንገን፣ በ1179 ያረፈችው ታላቅ ሊቅና የዜማ ደራሲ፣ ምርመራዋ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ተጀምሮ ሳይፈጸም ቀርቶ፣ በነዲክቶስ 16ኛ በ2012 በይፋ ወደ ቅዱሳን መዝገብ እስኪያስገቧት ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ቆየች።

የሁለተኛው ቀን ጠዋት የጉብኝቱ ደካማ ክፍል ነው። በሳንታ ማሪያ ዴላ ቪቶሪያ ቀራፂው በርኒኒ የሠራውን የስፔናዊቷን መነኵሲት የተሬዛ ዘአቪላን ሐውልት ለማየት ገብተን ከአንድ ሰዓት በላይ ስለ እብነ በረዱ እጥፋት፣ ስለ ብርሃኑ አገባብና ከግራ ከቀኝ እንደ ቲያትር ተመልካች ስለ ተቀረጹት የኮርናሮ ቤተሰብ አባላት ሰማን። የተሰጠን የጆሮ ማዳመጫም ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ ከኋላ የነበርነው ሰዎች ከገለጻው ሲሶውን አልሰማንም፣ መለዋወጫም አልነበረም። ይህ ለከፈልንበት አገልግሎት የሚመጥን አይደለም። የተሬዛ ሕይወት ግን ከሐውልቱ እጅግ የሚበልጥ ነገር ነበረው። በሕይወት ሳለች የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ እንደራሴ ዕረፍት የሌላት፣ ከቦታ ቦታ የምትዞር ሴት ብለው የነቀፏት፣ የሕይወት ታሪኳን የጻፈችበት መጽሐፍ የእምነት ስሕተትን በሚመረምረው የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት፣ በኢንኩዊዚሲዮን፣ እጅ የገባባት ሴት፣ በ1582 ካረፈች አርባ ዓመት ሳይሞላ በማርች 12 ቀን 1622 ከኢግናጥዮስ ዘሎዮላ፣ ከፍራንቸስኮስ ሳቬርዮ፣ ከፊልጶስ ኔሪና ከገበሬው ኢሲዶሮ ጋር ቅድስት ተብላ ታወጀች። ከአምስቱ ብቸኛዋ ሴት እርሷ ናት። አዋጁ ሲክስቶስ 5ኛ በ1588 የቅድስና ጉዳዮችን የሚያይ ቋሚ ጉባኤ ካቋቋሙ በኋላ መሆኑ፣ ያቋቋመቻቸውም ገዳማት በስፔን ንጉሥ ዘንድ ተደማጭነት ማግኘታቸው በሩጫ ታለፈ።

በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ፍተሻው ብዙ ጊዜ ወሰደብን፤ ሆኖም ውስጥ ስንገባ አስጎብኚያችን ወደ ቀደመ ብርታታቸው ተመለሱ። ከጉልላቱ ሥር በአራቱ ታላላቅ ምሰሶዎች ላይ ካሉት ሐውልቶች ሁለቱ የሴቶች፣ የሄለናና የቬሮኒካ፣ መሆናቸውን አሳዩን፤ በመካከለኛው መተላለፊያ ማኅበራትን ከመሠረቱት ቅዱሳን መካከል የተሬዛን ሐውልት አሳዩን። ከሐውልቱ ሥር የመንፈሳውያን እናት የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ አለ። ለእናትነት የተፈቀደው ክብር ለመምህርነት ግን ለረጅም ጊዜ አልተፈቀደም። ተሬዛ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ፣ ማለትም ትምህርቷ ለመላው ቤተ ክርስቲያን የሚጠቅም ቅድስት፣ ትባል ዘንድ በፒዮስ 11ኛ ዘመን ጥያቄ ሲቀርብ ጾታዋ ይከለክላል የሚል መልስ እንደ ተሰጠ ይነገራል። ጳውሎስ 6ኛ በ1970፣ በሴፕቴምበር ተሬዛን፣ በኦክቶበር ካታሪናን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ብለው ባወጁ ጊዜ ያ መልስ ተሻረ። ከዚያ በኋላ በ1997 ተሬዛ ዘሊዚዩ፣ በ2012 ሂልዴጋርድ ተጨመሩ፤ ይህን ማዕረግ ካገኙት ከሠላሳ የሚበልጡ ሊቃውንት መካከል ሴቶቹ አራት ብቻ ናቸው።

የመጨረሻው ማረፊያ ከቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ፊት ለፊት በፒዮስ 12ኛ አደባባይ ያለው፣ የቅዱሳንን ጉዳይ የሚመረምረው የቫቲካን መሥሪያ ቤት ያለበት ሕንፃ ነው። ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከፊቱ ቆመን የዛሬውን አሠራር ሰማን። ጉዳዩ የሚጀመረው በተለምዶ ከሞት አምስት ዓመት በኋላ ባረፈችበት ሀገረ ስብከት ሲሆን፣ የእግዚአብሔር አገልጋይ፣ ክብርት፣ ብፅዕት፣ ቅድስት የሚሉት አራት ማዕረጎች በየተራ ይከተላሉ። ሰማዕት ላልሆነች ሴት ለብፅዕና አንድ፣ ለቅድስና ሌላ አንድ ተአምር ይጠየቃል፤ ተአምሩ አብዛኛውን ጊዜ ፈውስ ነው፤ ፈውሱም ፈጣን፣ ሙሉና ዘላቂ መሆኑን፣ ሳይንስም እንደማያስረዳው ሐኪሞች ይመረምራሉ። የዲያብሎስ ጠበቃ ተብሎ የሚታወቀውን ተቃዋሚ ሹም ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1983 ባወጡት ሕግ አስቀርተው ሥርዐቱን አቀለሉት፤ እርሳቸው ራሳቸው 482 ቅዱሳንን አውጀዋል። ጉዳዩን የሚከታተለው ፖስቱላቶር ዛሬ ምእመን፣ ሴትም ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የተነሡት ምሳሌዎች በደንብ የተመረጡ ነበሩ። ዣን ዳርክ በ1431 በሩዋን በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ተቃጥላ፣ ፍርዱ በ1456 ተሽሮ፣ ቅድስት የተባለችው በ1920 ነው፤ ፈረንሳይና ቫቲካን የተቋረጠውን ግንኙነታቸውን ለመቀጠል በሚነጋገሩበት ወቅት መሆኑን መርሳት አይገባም። ተሬዛ ዘሊዚዩ በ1897 በሃያ አራት ዓመቷ ማንም ሳያውቃት ሞተች፤ በካርሜል ገዳም የነበሩት እኅቶቿ የጻፈችውን አሰናድተው በዓመቱ 2,000 ቅጂ አሳተሙ፣ አንባቢዎቿም እጅግ በዙ፣ ከሞት በኋላ ሃምሳ ዓመት የመጠበቁ የያኔው ደንብ ቀርቶላት በ1925 ቅድስት ተባለች። እናት ተሬዛ ዘካልካታ በ1997 አርፋ በ2003 ብፅዕት፣ በ2016 ቅድስት ስትባል አምስቱ ዓመት አልተጠበቀም፤ በምርመራው ጽኑ ተቺዋ የነበረ ጸሐፊ ጭምር ተጠርቶ ቃሉን ሰጥቷል።

የቅር መሰኘቴ ዋና ምክንያት ጆሰፊና ባኪታ ናት። ስሟ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጠርቶ ታለፈ። በ1869 ገደማ በዳርፉር ተወልዳ በሕፃንነቷ በባሪያ ፈንጋዮች ተሰርቃ፣ የተወለደችበትን ስም እስክትረሳ ከእጅ ወደ እጅ የተሸጠች፣ ፈንጋዮቹ በዐረብኛ ዕድለኛ የሚል ስም ያወጡላት ልጅ ናት። በጣሊያን ቆንስል እጅ ወደ ጣሊያን ከመጣች በኋላ እመቤቷ ወደ ሱዳን ልትወስዳት ስትል አልሄድም አለች፤ በ1889 በቬኒስ ፍርድ ቤት ነፃ ሰው መሆኗ ተወሰነላት። ተጠምቃ የካኖሳ እኅቶች ማኅበር አባል ሆነች፤ በስኪዮ ከተማ በማእድ ቤትና በበር ጠባቂነት አገልግላ በ1947 አረፈች። እርሷም እንደ ካታሪና ታሪኳን በቃሏ ተናግራ ሌላ ሰው ጻፈላት፤ በ1931 በመጽሐፍ ሲወጣ ጣሊያን ሁሉ አወቃት፣ በ1992 ብፅዕት፣ በኦክቶበር 1 ቀን 2000 ቅድስት ተባለች። የምስክርን፣ የጽሑፍንና የማኅበርን ነገር ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስተምር ለቆየ ጉብኝት ከእርሷ የሚሻል መደምደሚያ አይገኝም ነበር። በ1962 ያረፈችው ሐኪምና የአራት ልጆች እናት ጃና ቤሬታ ሞላም፣ በ2004 ቅድስት የተባለችው፣ ጭራሽ አልተነሣችም፤ በዚህ የተነሣ በዘመናችን የኖሩ ባለትዳር ሴቶች በጉብኝቱ ቦታ ያላቸው አይመስልም።

ይህን ጉብኝት እምነቱ ላለውም ለሌለውም፣ ታሪክ ለሚወድና ብዙ መራመድ ለሚችል ሰው ያለ ማመንታት እመክራለሁ። በቅድስት አግነስ ያለው ደረጃ ጉልበት ለሚያማቸው ከባድ ነው፤ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያስፈልጋል። አስጎብኚያችንን ባኪታን ለምን እንደ ዘለሏት በትሕትና ጠይቄአቸው ሰዓት ስለማይበቃ ነው አሉኝ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት በበርኒኒ ሐውልት ፊት ከሚያልፈው ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቢቀነስ ለእርሷ ይበቃል።